«ዎንት»፦ ከእጦት የተወለደ ፍላጎት

እንግሊዝኛ መማር የጀመረ ልጅ ቀድሞ ከሚሸመድዳቸው ግሦች አንዱ «ዎንት» ነው። አስተማሪው ሰሌዳው ላይ ይጽፈዋል፣ ትይዩው «ፈለገ» ብሎ ያሰፍራል፣ ወደሚቀጥለው ቃል ያልፋል። ለዕለት ጉዳይ ይኸው ይበቃል። ልጁ አድጎ የሕግ ሰነድ ሲተረጉም፣ በሐኪምና በታማሚ መካከል ቆሞ ሲያስተረጉም፣ የምጣኔ ሀብት መጽሐፍ ሲያነብ ወይም መዝሙረ ዳዊትን በሁለቱ ቋንቋዎች ሲያስተያይ ግን «ፈለገ» ብቻውን አያደርስም። አንዳንዴ እንዲያውም ወደ ተቃራኒው ይወስዳል። ቃሉ በእንግሊዝኛ ሲወለድ ትርጉሙ መፈለግ አልነበረም፤ ማጣት ነበር።

ታሪኩ የሚጀምረው ከባሕር ነው። ከ9ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ ከስካንዲኔቪያ የመጡ ሰዎች በእንግሊዝ ሰሜንና ምሥራቅ ሰፈሩ፤ ከአገሬው ጋር ተጋቡ፣ ተገበያዩ፣ ቋንቋቸውንም አቀላቀሉ። በእነሱ ቋንቋ፣ በጥንታዊው ኖርስ፣ «ቫንታ» ማለት መጉደል፣ ማጣት ነው። ቃሉ እ.ኤ.አ. በ1200 አካባቢ በእንግሊዝኛ ጽሑፍ ውስጥ ብቅ ሲል ይህንኑ ትርጉሙን ይዞ ነበር። ዘመዶቹም ሁሉ በዚያው በጎደሎው ሰፈር የሚኖሩ ናቸው። ጨረቃ እየጎደለች ስትሄድ እንግሊዞች የሚሉት «ዌን» ከአንድ ሥር የወጣ ነው፤ ላቲኑ «ቫኑስ»፣ ባዶ ማለት፣ ለእንግሊዝኛ «ቬይን» የሚለውን ከንቱነት አውርሶታል። ስለዚህ ለአምስት መቶ ዓመት ያህል አንድ እንግሊዛዊ «ገንዘብ ዎንት አደርጋለሁ» ቢል ገንዘብ የለኝም ማለቱ ነበር። ገንዘብ ተመኘሁ የሚለው ፍቺ በጽሑፍ ጎልቶ የታየው በ18ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ላይ ነው። የሼክስፒርን ድርሰቶች በዛሬው ፍቺ የሚያነብ ሰው በየገጹ የሚደናቀፈው ለዚህ ነው፤ እሱ በዚህ ቃል ሲጠቀም በአብዛኛው የሚናገረው ስለ ጎደለ ነገር ነው።

ከማጣት ወደ መመኘት ያለው መንገድ ለማንም ግልጽ ነው፤ የጎደለውን የማይመኝ የለም። እኔን ይበልጥ የሚስበኝ ግን ቦታው እንዴት ክፍት ሆኖ ጠበቀው የሚለው ነው። የጥንት እንግሊዝኛ ዋናው የመፈለግ ግሥ የዛሬው «ዊል» ነበር። በእኅት ቋንቋው በጀርመንኛ «ቮለን» እስካሁን መፈለግ ነው። በእንግሊዝኛ ግን «ዊል» ቀስ በቀስ የወደፊት ጊዜ ማሳያ ሆነ፤ «መሄድ እሻለሁ» ይል የነበረው «እሄዳለሁ» ማለት ጀመረ። ፈቃድን ይገልጽ የነበረው ግሥ የሰዋስው አገልጋይ ሲሆን የቀረውን ክፍተት «ዎንት» መጥቶ ሞላው። እኛም ዘንድ ከዚህ የማይርቅ ነገር ደርሷል። በግእዝ «ፈቀደ» ወደደ፣ ፈለገ ማለት ነው፤ በአማርኛ ግን ፈቀደ የሚባለው ሌላው ሰው እንዲያደርግ የሚተው ሰው ነው። ስሙ ሁለቱንም ዘመን ይዞ ቀርቷል፤ የእግዚአብሔር ፈቃድ ስንል ሐሳቡንና ምርጫውን ነው፣ የንግድ ፈቃድ ስንል ግድግዳ ላይ የሚሰቀለውን ወረቀት።

አዲሱ ፍቺ ሲነግሥ አሮጌው አልሞተም። ለተርጓሚም ለአንባቢም ወጥመዱ ያለው እዚህ ስለሆነ ትንሽ መቆየት ይገባል።

የመጀመሪያው ምስክር መዝሙረ ዳዊት ነው። የእረኛው መዝሙር፣ በእኛ ቁጥር 22ኛው፣ በእንግሊዞቹ 23ኛው፣ በ1611 በታተመው የንጉሥ ጄምስ ትርጉም የሚጀምረው ይህንኑ ግሥ በአሉታ አድርጎ ነው። ዛሬ የሚያድግ እንግሊዝኛ ተናጋሪ ልጅ ዳዊት «ከእንግዲህ ምንም አልፈልግም» ያለ ይመስለዋል፤ እረኛውን እንኳ አልፈልገውም እንደ ማለት። በአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ ያለው ግሥ ከ«አጣ» የሚወጣ ነው፤ ስለዚህ የእኛ ምእመን በዚህ ቦታ ከእንግሊዙ ይልቅ ለጥንቱ ሐሳብ ቅርብ ነው። ሁለተኛው በትንቢተ ዳንኤል 5ኛ ምዕራፍ ንጉሥ ብልጣሶር በሚዛን ተመዝኖ የተገኘበት ሁኔታ ነው። የእንግሊዝኛው ትርጉም እዚያ ላይ «ዎንቲንግ» ይላል፣ የጎደለው ማለት። አገላለጹ ከቤተ ክርስቲያን ወጥቶ ወደ ቢሮ ገብቷል። አንድ የምርመራ ሪፖርት የአንድን መሥሪያ ቤት አሠራር «ዎንቲንግ» ሆኖ አገኘሁት ካለ ጉድለት አለበት ብሎ መፍረዱ ነው፤ «የሚፈልግ» ብሎ የተረጎመ ሰው ፍርዱን ከነአካቴው አጥፍቶታል። ሦስተኛው የምስማሩ ተረት ነው። በአንድ ምስማር እጦት የፈረሱ ጫማ ወለቀ፣ በጫማው እጦት ፈረሱ ጠፋ፣ በፈረሱ እጦት ፈረሰኛው ጠፋ እያለ የሚወርደው የእንግሊዞች አባባል፣ በእያንዳንዱ ደረጃ ላይ «እጦት» ያልኩት ቃል ይኸው «ዎንት» ነው።

ከሁሉም ክብደት ያለው ግን የፖለቲካው ነው። የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ፍራንክሊን ሩዝቬልት እ.ኤ.አ. ጥር 6 ቀን 1941 ለምክር ቤቱ ባሰሙት ንግግር አራት ነፃነቶችን ዘረዘሩ፤ የመናገር፣ የማምለክ፣ ከ«ዎንት» ነፃ የመሆን፣ ከፍርሃት ነፃ የመሆን። በሚቀጥለው ዓመት እንግሊዝ ውስጥ ዊልያም ቤቨሪጅ ስለ ማኅበራዊ ዋስትና ባቀረቡት ዘገባ በመልሶ ግንባታው መንገድ ላይ የቆሙ አምስት ግዙፍ ጠላቶችን ሲጠሩ ከአምስቱ አንዱ ይኸው ነበር፤ የቀሩት በሽታ፣ ድንቁርና፣ ቆሻሻና ሥራ ፈትነት ናቸው። እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 10 ቀን 1948 የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ ያጸደቀው ዓለም አቀፍ የሰብአዊ መብቶች መግለጫ መቅድሙ ላይ ከፍርሃትና ከ«ዎንት» ነፃ የሆነ ዓለምን የሰው ልጅ ከፍተኛ ምኞት ያደርገዋል። በዚያ ቀን 48 አገሮች ሲደግፉ፣ 8 ድምፅ ሲያቅቡ፣ ኢትዮጵያ ከደጋፊዎቹ ጎን ነበረች። በነዚህ ሰነዶች ሁሉ ቃሉ ችግር፣ እጦት፣ ረሃብ፣ መታረዝ ማለት ነው። «ከፍላጎት ነፃ መሆን» ብሎ የተረጎመ ሰው የድሃን መብት ወደ መናኝ ጸሎት ለውጦታል፤ ሰውን ከመመኘት ነፃ ሊያወጣ የሚችል መንግሥት የለም፣ ከረሃብ ነፃ ሊያወጣው ግን ግዴታ አለበት። ሠዓሊው ኖርማን ሮክዌል በ1943 ይህን ከ«ዎንት» ነፃ የመሆን የሩዝቬልት ሐሳብ በዚያው ስም በሥዕል ሲያሳይ ያስቀመጠው ነጭ ጨርቅ የለበሰ ገበታ፣ ዙሪያውን የተሰበሰበ ቤተሰብና አንዲት አያት በትልቅ ሳህን የተጠበሰ ተርኪ ስታቀርብ ነው። ሥዕሉ ላይ ያለው ጥጋብ ነው፤ ርዕሱ ግን የጥጋቡን ተቃራኒ ይጠራል። ርዕሱን በዛሬው ፍቺ ላነበበ ሰው ሥዕሉና ስሙ አይገናኙለትም።

አማርኛችን ወደ ፍላጎት የመጣው በሌላ በር ነው። «ፈለገ» በመጀመሪያ የእግርና የዓይን ሥራ ነው፤ የጠፋ በግ ይፈለጋል፣ የጠፋ ቁልፍ ይፈለጋል። «ፈለግ» በግእዝ ወንዝ ነው፣ በአማርኛ ደግሞ የሄደ ሰው ወይም እንስሳ የተወው ዱካ፤ ልጅ የአባቱን ፈለግ ይከተላል። እንግሊዙ የሚፈልገው ጉድለቱ ተሰምቶት ነው፣ አማራው የሚፈልገው ወደ ነገሩ እየሄደ ነው። ዕለት በዕለት የምንናገረው ሰዋስው ይህን ጠብቆታል። «ሥራ እፈልጋለሁ» ያለ ሰው ምኞቱን ነገረን፤ «ሥራ እየፈለግኩ ነው» ካለ ግን ማስታወቂያ ሰሌዳ ሥር ቆሞ እያነበበ ነው ማለት ነው። እንግሊዝኛ ለዚህ ሁለት የተለያዩ ግሦች ያስፈልጉታል፤ ሰዋስው አስተማሪዎቹም «ዎንት»ን በሂደት ጊዜ እንዳናስገባ ይከለክላሉ። ተማሪዎቻችን ይህን ስሕተት ሲሠሩ የሚታረሙት በደንቡ ብቻ ነው፤ ልዩነቱ በገዛ ቋንቋቸው ውስጥ እንዳለ የሚያሳያቸው አላየሁም።

የሚገርመኝ ሌላው «ያስፈልጋል» ነው። እንግሊዝኛ መመኘትንና ግድ መሆንን በሁለት ቃል ለይቶ፣ «ዎንት»ንና «ኒድ»ን እያነጻጸረ ልጆችን ያስተምራል። አማርኛ ግን ሁለቱን ከአንድ ሥር አወጣቸው፤ እኔ እፈልጋለሁ፣ ነገሩ ያስፈልገኛል። በመጀመሪያው ባለቤቱ እኔ ነኝ፣ በሁለተኛው ነገሩ ራሱ እንድፈልገው ያደርገኛል። «ፍላጎት» የሚለው ስም ደግሞ ሁሉንም በአንድ ይሸከማል። በገበያ ንግግር አቅርቦትና ፍላጎት እንላለን፣ በትምህርት ልዩ ፍላጎት እንላለን፣ ሠራተኛ በገዛ ፍላጎቱ ሥራ ይለቃል፣ መሠረታዊ ፍላጎት ስንል ምግብ፣ ልብስና መጠለያ ነው። በእንግሊዝኛ እነዚህ በተለያዩ ቃላት የሚነገሩ ናቸው፤ በምጣኔ ሀብት መጽሐፍ ውስጥም ልዩነታቸው ዋጋ አለው። ሰው ሁሉ ቤት ይፈልጋል፣ መጽሐፉ «ፍላጎት» ብሎ የሚቆጥረው ግን መክፈል ከሚችለው የመጣውን ብቻ ነው። ተማሪ ይህን ካልተነገረው ኪራይ ለምን እንደሚወደድ ሲማር ደሃው ከስሌቱ የት እንደገባ አይገባውም። ዊልያም ጄቮንስ በ1875 ባሳተመው የገንዘብ መጽሐፉ ስለ ዓይነት በዓይነት ልውውጥ ሲጽፍ እህል ያለው ጨርቅ የሚሻ፣ ጨርቅ ካለው እህል ከሚሻ ጋር በአንድ ቀን መገናኘት እንዳለበት ያስረዳውም በዚሁ በ«ዎንት» ነው፤ አሞሌ ጨው በእኛ ገበያ ያቃለለው ችግር ይህ ነበር።

የቃሉን ጎረቤቶችም ማየት ያስፈልጋል። «ዊሽ» የማይደረስበትን ይመኛል፤ «ዲዛየር» ከፈረንሳይኛ የመጣ፣ ዛሬም በመጽሐፍና በፍቅር ወግ የሚያምር ነው። «ክሬቭ» ጥንት በሕግ የሚገባን መጠየቅ ነበር፤ አሁን ሆድ የሚጠይቀው ሆኗል። «ለስት» ደስታና ፍላጎት ሁሉ ነበር፤ በእንግሊዝኛ ወደ ሥጋ ፍትወት ጠበበ፣ በጀርመንኛ ግን ሰፊ ሆኖ ቀረ። ከሁሉም ወደ እኛ የሚቀርበው የጥንቱ «ሎንግ» ነው። በጥንት እንግሊዝኛ ሰው «ናፈቅኩ» አይልም ነበር፤ ናፍቆቱ ባለቤት፣ ሰውየው ተሳቢ ሆኖ «አስናፈቀኝ» ይል ነበር። እንግሊዝኛ ይህን አነጋገር በጊዜ ብዛት ጣለው። እኛ እስካሁን እንኖርበታለን። ራበኝ፣ ጠማኝ፣ ናፈቀኝ፣ አሰኘኝ። በተለይ «አማረኝ»ን ልብ በሉ፤ ያማረ ነገር ውብ ነው፣ ያማረኝ ነገር ደግሞ አምሮት የጣለብኝ ነው። እርጉዝ ሴት ጥሬ ሥጋ ቢያምራት ጥፋቱ የእሷ አይደለም፤ ሥጋው ነው ያማራት። እናት የሚያስቸግር ልጇን «ዱላ አማረህ እንዴ?» ስትለው ልጁ ዱላ እንዳልተመኘ ታውቃለች፤ ወደ ዱላው እየሄደ እንደሆነ ግን እየነገረችው ነው። «አልቅሺ አልቅሺ አላት» ስንል ደግሞ ፍላጎት አፍ አውጥቶ ሰውን ያዝዛል። «ቋመጠ»፣ «ጎመጀ»፣ «ጓጓ»፣ «ከጀለ»፣ «ሻ» እያልን ልንቀጥል እንችላለን። አንድ «ዎንት»ን ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ የሚያመጣ ሰው በዚህ ሁሉ መካከል መምረጥ አለበት፤ ሁልጊዜ «ፈለገ»ን የሚያነሳ ተርጓሚ የአማርኛውን ሀብት ሳይነካ ያልፋል።

ወደ ዕለት አጠቃቀሙ ስንመጣ ትልቁ ነገር ወግ ነው። በእንግሊዝኛ «አይ ዎንት» ብሎ አፍን መክፈት ከልጅ እንኳ አይወደድም፤ ወላጆች «እወድ ነበር» ወደሚለው ዓይነት አነጋገር ያርሙታል። በምግብ ቤት፣ በቢሮ፣ ለማያውቁት ሰው፣ ፍላጎት በቀጥታ አይነገርም። ይህ ለእኛ እንግዳ አይደለም። አዲስ አበባ ውስጥ ቡና ቤት የገባ ሰው «ቡና እፈልጋለሁ» አይልም፤ አስተናጋጁ «ምን ልታዘዝ?» ሲለው «እስቲ አንድ ማኪያቶ» ይላል። አዛውንት ለማነጋገር የሄደ ሰው «አንድ ነገር ልጠይቅዎ ፈልጌ ነበር» ይላል፤ ፍላጎቱ አሁን ሳለ ግሡን ወደ ኋላ ይመልሰዋል። እንግሊዝኛም ልክ እንዲሁ ያለፈ ጊዜን ለትሕትና ይጠቀማል። ስለዚህ አዲስ የመጣ ስደተኛ እንግሊዝኛው ሻካራ የሚሆነው ወግ ስለማያውቅ ሳይሆን የራሱን ወግ ይዞ እንዲሻገር ማንም ስላልነገረው ነው። በተቃራኒው በዋሽንግተን ዙሪያ ያደጉ ልጆች አማርኛቸው ውስጥ «ዎንት» ይገባል። ልጁ «ውሃ እፈልጋለሁ» ይላል፤ እናቱ ሰዋስው ሳታነሳ «ጠማኝ፣ ውሃ ስጪኝ በል» ትለዋለች። ትክክል ናት።

የበለጠ የሚያሳስበኝ የሐኪም ቤቱ ነው። የአሜሪካ ሐኪሞችና ነርሶች ትእዛዝ ለማለዘብ «ዎንት»ን በጣም ይወዳሉ። «ይህን ከምግብ ጋር መውሰድ ትፈልጋለህ» የሚመስለው ንግግራቸው ምኞትን የሚጠይቅ አይደለም፤ ከምግብ ጋር ውሰድ ማለት ነው። እንበል አንዲት እናት ቀዶ ሕክምና ተደርጎላቸው ሊወጡ ነው። ነርሷ ቁስሉን ውሃ እንዳይነካው «ማድረግ ይፈልጋሉ» ትላለች፤ አስተርጓሚው ቃል በቃል «እማማ፣ ቁስሉን ደረቅ አድርገው መያዝ ይፈልጋሉ?» ይላል። እማማ በትሕትና «ኧረ እኔ እንዳላችሁኝ ነው ልጄ» ይላሉ። ነርሷ መመሪያው ደረሰ ብላ ምልክት ታደርጋለች፣ እማማ ምርጫ የተሰጣቸው መስሏቸው ይሄዳሉ። መሆን የነበረበት «ቁስሉን ውሃ እንዳያስነኩት፣ እማማ» ነበር። እንግሊዞች ዘንድም «ጸጉርህ መቆረጥ ይፈልጋል» የሚመስል አነጋገር አለ፤ መቆረጥ አለበት ለማለት፤ ጸጉር ምንም አይመኝም። «አለቃው ይፈልግሃል» ሲሉ ግን ከእኛ ጋር በትክክል ይገጥማል፤ ይጠራሃል ነው። ፖሊስ የሚለጥፈው «ዎንትድ»ም በእኛ «ተፈላጊ» ውስጥ ምቹ ቦታ አግኝቷል፤ ወንጀለኛም ተፈላጊ ነው፣ ጥሩ ባለሙያም ተፈላጊ ነው።

ስለ አነባበቡ አንድ ነገር ብቻ። በፈጣን ንግግር «ዎንት ቱ» ወደ «ዋና» ያጥራል፤ ብዙ ሰው ይህን ግዴለሽነት ያደርገዋል። የቋንቋ ሊቃውንት ግን ከ1970ዎቹ ጀምሮ ልብ ያሉት ነገር አለ። «ማንን ማሸነፍ ትፈልጋለህ?» ብሎ የሚጠይቅ እንግሊዛዊ ሊያሳጥረው ይችላል፤ «ማን እንዲያሸንፍ ትፈልጋለህ?» ሲል ግን አያሳጥረውም፣ ማንም ሳያስተምረው። በሁለተኛው ጥያቄ ውስጥ በሁለቱ ቃላት መካከል የማይታይ ባለቤት ስለተቀመጠ ነው ይላሉ። አማርኛ ይህን በ«ማንን» እና በ«እንዲ» በግልጽ ያሳያል፤ እንግሊዝኛ ደብቆ ያኖረዋል።

የመጨረሻው መንገድ የፈላስፎችና የአንጎል ተመራማሪዎች ነው። ፕላቶን በ«ሲምፖዚየም» ላይ ሶቅራጥስን የሚያናግረው ሰው የሚመኘው የሌለውን ነው በሚል ክርክር ነው፤ ፍቅር የድህነትና የብልኀት ልጅ ሆኖ ይቀርባል። የእንግሊዝኛው ቃል ከዚህ ፍልስፍና ጋር ሳይነጋገር የተስማማ ነው። ስፒኖዛ ግን ከሞተ በኋላ በ1677 በታተመው «ሥነ ምግባር» ምኞትን የሰው ምንነት አደረገው፤ ለመኖር የሚደረግ ግፊት እንጂ ጉድጓድ አይደለም። የእኛ «ፈለገ» ወደ ስፒኖዛ ያዘነብላል ብዬ አምናለሁ።

ሳይንሱ ደግሞ ሌላ ልዩነት አመጣ። የሚሺጋን ዩኒቨርሲቲው ኬንት ቤሪጅና ባልደረቦቹ በ1989 ዶፓሚን የተባለው የአንጎል ኬሚካል ከሞላ ጎደል የጠፋባቸውን አይጦች አሳዩ። አይጦቹ ምግብ ፊታቸው ተቀምጦ አይነሱም፣ በቱቦ ካልተመገቡ ይሞታሉ፤ ስኳር አፋቸው ውስጥ ሲገባ ግን ጣዕሙን እንደ ጤነኛ አይጥ ከንፈራቸውን እየላሱ ይቀበላሉ። መውደዱ አለ፣ መፈለጉ የለም። በ1993 ቤሪጅና ቴሪ ሮቢንሰን ሱስን በዚሁ ገለጹት፤ ሱሰኛው ነገሩን መውደድ ቢተው እንኳ የመፈለጊያው ሥርዓት እየተሳለ ይሄዳል። ሌላው የአንጎል ተመራማሪ ያክ ፓንክሴፕ ይህንኑ የዶፓሚን መንገድ በ1998 መጽሐፉ ሲሰይመው የመረጠው ስም በእንግሊዝኛ ፍለጋን እንጂ ምኞትን አይጠራም። ቤሪጅ በ«ዎንት»፣ ፓንክሴፕ በፍለጋ ስም የጠሩት ነገር በአማርኛ አንድ ግሥ ነው።

ጫት ወይም ሲጋራ ለመተው ወደ ሐኪም የሄደ አማርኛ ተናጋሪ «ትፈልጋለህ?» ተብሎ ሲጠየቅ «አልፈልግም» ይላል፤ እውነቱንም ነው፣ ሊተወው ነው የመጣው። ሐኪሙ ማወቅ ያለበት ግን ሌላውን ነው። ለዚያ ስም አለን። «ሐራራ ይይዝሃል? ስንት ሰዓት ላይ?» ቢባል ሰውየው ሰዓቱን ሳይቀር ይናገራል።